ጁክቦክስ የሚለውን ስም ማን አወጣው?

እንጀራዬ የሳንቲም ማሽን ነው። አትላንታ አካባቢ ባሉ መጠጥ ቤቶች የቆሙ የፑል ጠረጴዛዎችን፣ የጌም ማሽኖችንና ጁክቦክሶችን እየዞርኩ እጠግናለሁ። ጁክቦክስ አይተው ለማያውቁ፦ ሳንቲም ሲከቱበት ወይም የወረቀት ብር ሲያጎርሱት የመረጡትን ዘፈን የሚያጫውት ትልቅ ሳጥን ነው። የዘንድሮዎቹ ስክሪን ናቸው፤ ደንበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ በስልኩ ያዝዛቸዋል። እኔ የምወደው የድሮዎቹን ነው። ሸክላው ከመደርደሪያው ሲነሳ፣ ሲዞር፣ መርፌው ሲያርፍበት በመስታወቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ይታያል። ቅዳሜና እሁድ ጋራዤ ውስጥ የምውለው ከነሱ ጋር ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ስሙ ነው። "ቦክስ" የሚለው ሳጥን መሆኑ ግልጽ ነው። "ጁክ"ስ? በዚህ ሥራ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎችን ስጠይቅ አብዛኞቹ የሆነ ኩባንያ ስም ይመስላቸዋል። አይደለም። ታላላቆቹ አምራቾች ዉርሊትዘር፣ ሲበርግ፣ ሮክ ኦላ እና ኤ ኤም አይ ይባላሉ። ከነሱ አንዱም ይህን ስም አላወጣም። እንዲያውም ለዓመታት ሲሸሹት ነበር።

አንድ ጊዜ ጆርጂያ ውስጥ ባለችው የሳቫና ከተማ አካባቢ ያደጉ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬን ጠየቅኳቸው። የሚሰበስቡት አሮጌ ሲበርግ ነበራቸው፤ እሱን ልጠግን ነበር የሄድኩት። "እናቴ ያንን ቃል ቤት ውስጥ አታስጠራንም ነበር" አሉኝ። ሳጥኑን "ሙዚቃው" ብለው ነው የሚጠሩት። ለምን ስላቸው፣ ጁክ ማለት ጨዋ ሰው የማይገባበት ቤት ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት። ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅኩት በላይ ሰፊ ሆነብኝ።

(የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ ከስሙ በሃምሳ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ኖቬምበር 23 ቀን 1889 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፓሌ ሮያል በሚባል መጠጥ ቤት፣ ሉዊስ ግላስ የሚባል ሰው የኤዲሰንን የድምፅ ማጫወቻ አቆመ። የፈጠራ አጋሩ ዊልያም አርኖልድ ነበር። ማጫወቻው በባትሪ ይሠራል። ሸክላ ገና አልመጣም፤ ድምፁ የተቀረጸው በሰም ሲሊንደር ላይ ነው። ድምፅ ማጉያም የለም። ስለዚህ ከሳጥኑ አራት ቱቦዎች ወጥተዋል። ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ ባለ 5 ሳንቲም ኒክል ይከተታል። ሰው ጆሮው ላይ ሰክቶ ያዳምጣል፤ አጠገቡ የቆመ ምንም አይሰማም። ዘፈን መምረጥም የለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው አንዲቱ ናት። ይህ ማሽን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ1,000 ዶላር በላይ አስገባ ብሎ ግላስ ለሙያ ባልደረቦቹ ተናግሯል። በአምስት አምስት ሳንቲም የተሰበሰበ 1,000 ዶላር ስንት ሰው እንደተሰለፈ ይናገራል።

በ1906 ጆን ጌብል የተባለ የቺካጎ ሰው 24 ሸክላ የሚይዝና የሚያስመርጥ ማሽን ሠራ። ግን እሱም ቢሆን ድምፁ የሚወጣው በጥሩምባ ነው። ሃምሳ ሰው በሚጮህበት ቤት ውስጥ ጥሩምባ የት ይደርሳል? ነገሩን የለወጠው በ1927 ገደማ የመጣው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር ነው። ግራንድ ራፒድስ፣ ሚሺጋን ያለው ኤ ኤም አይ አምፕሊፋየርንና ዘፈን መምረጥን አንድ ላይ አዋለ። ሲበርግም ተከተለ። አሁን አንዱ ሳንቲም ከከተተ ቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ ቤቱ ሁሉ ከሰማ ደግሞ ይጨፈራል። እኔ በበኩሌ ጁክቦክስ የተወለደው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። በቱቦ የሚሰማው የግል ነገር ነበር፤ ይኼ የጋራ ሆነ።

ቀጥሎ ድህነቱ መጣ። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ሸክላ የሚገዛ ጠፋ። በ1927 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ይሸጥ የነበረበት አገር በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሬዲዮ በነፃ እያለ ማን ገንዘቡን ያወጣል? በ1933 የመጠጥ እገዳው ሲነሳ በየጥጉ መጠጥ ቤት ተከፈተ። ባለቤቶቹ ለሙዚቀኛ የሚከፍሉት የላቸውም። ለኒክል የሚዘፍን ሳጥን ግን ላቁምልህ ብሎ የሚለምን ኩባንያ አለ። በዚያ ላይ ገቢውን ይካፈላሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ማሽኖቹ በመቶ ሺዎች ተቆጠሩ። ሸክላ አሳታሚዎችን ከሞት ያወጣቸው ይህ ሳጥን ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሚታተመው ሸክላ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት እነዚህ ማሽኖች ነበሩ።

ስሙስ? አምራቾቹ በማስታወቂያቸው "አውቶማቲክ ፎኖግራፍ" ነበር የሚሉት። ጌብል የራሱን "አውቶማቲክ አዝናኝ" ብሎታል። ስለ ስም ካነሳሁ አንድ ነገር ላንሳ። ሮክ ኦላ የሚለውን ስም የሚያይ ሁሉ ከሮክ ኤንድ ሮል የመጣ ይመስለዋል። የባለቤቱ የአባት ስም ነው። ዴቪድ ሮኮላ የሚባል ካናዳ የተወለደ ሰው በ1920ዎቹ ኩባንያውን ሲያቋቁም ሮክ ኤንድ ሮል የሚባል ሙዚቃ ገና አልተወለደም። ሰው ስሙን በትክክል እንዲጠራለት ብሎ ነው መሃሉ ላይ ሰረዝ ያስገባበት።

አሁን ወደ "ጁክ" ልሂድ።

ከደቡብ ካሮላይና እስከ ሰሜን ፍሎሪዳ ባለው የአትላንቲክ ዳርቻ፣ በጆርጂያም በኩል፣ ብዙ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። በባርነት ዘመን ሩዝ፣ ጥጥና ኢንዲጎ ይመረትባቸው ነበር። ሩዝ ማምረት ዕውቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ባለርስቶቹ ሩዝ ከሚያበቅለው የምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፣ ከዛሬዎቹ ሴኔጋል፣ ጋምቢያና ሴራሊዮን የመጡ ሰዎችን ፈልገው ይገዙ ነበር። ቦታው ረግረግና ወባማ ነው። ነጮቹ በሙቀቱ ወራት ጥለውት ይሄዳሉ። ጥቁሮቹ ለብቻቸው ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ቋንቋ አቆዩ፤ ጉላ ይባላል፤ ጆርጂያ ውስጥ ጊቺ የሚሉትም አሉ። ቃላቱ በብዛት እንግሊዝኛ ናቸው። ዜማውና ሰዋስው ውስጥ ግን አፍሪካ አለ። ዛሬም ተናጋሪዎች አሉት። ከኔ ቤት በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

በዚህ ቋንቋ "ጁክ" ወይም "ጁግ" ማለት ሥርዓት የለሽ፣ ያፈነገጠ፣ ባለጌ ማለት ነው። "ጁክ ቤት" ሲሉ ደግሞ ሁከት ያለበት ቤት ማለታቸው ነው። መጠጥ፣ ጭፈራ፣ ቁማር፣ ሌላም ሌላም። ሽማግሌው ደንበኛዬ ያሉኝ ይኸው ነው። የቃሉ ሥር ሲፈለግ ባሕር ይሻገራል። ማሊ ውስጥ በሚነገረው ባምባራ "ጁጉ" ክፉ፣ መጥፎ ማለት ነው። ሴኔጋል ውስጥ በሚነገረው ወሎፍም "ጁግ" የሚል ቃል አለ፤ ትርጉሙ ልቅ ኑሮ መኖር ነው። ዛሬ ዋናዎቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስለ ጁክቦክስ ሲጽፉ የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ይህን መንገድ የጠረገው ሰው ሎሬንዞ ዳው ተርነር ነው። ስለሳቸው ማንም የማያወራ መሆኑ ያስቆጨኛል። ተርነር ጥቁር አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ነበሩ። በ1926 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1929 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ክረምት ሲያስተምሩ፣ አንዳንድ ተማሪዎቻቸው እርስ በርስ ሲነጋገሩ ለጆሯቸው እንግዳ የሆነ አነጋገር ሰሙ። በዚያ ዘመን የነበሩ ነጭ ምሁራን ጉላን የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው ብለው ዘግተውት ነበር። ጥቁሮቹ ከድሮ የእንግሊዝ ገበሬዎች የቃረሙት ነው፤ ከአፍሪካ ያመጡት ነገር የለም ይሉ ነበር። አንዳንዶቹም የሕፃን ኮልታፋ ንግግር ብለውታል።

ተርነር ሄደው አዳመጡ። ከባድ የድምፅ መቅረጫ ተሸክመው ከደሴት ደሴት ዞሩ። ለእንግዳ የማይነገር ነገር ለሳቸው ተነገራቸው። ለምሳሌ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም ነበረው። አንዱ ለትምህርት ቤትና ለነጭ የሚነገር ነው። ሌላው የቤት ስም ነው። ከተርነር በፊት የመጡት ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ብቻ ጽፈው ይመለሱ ነበር። ተርነር የቤት ስሞቹን ሰበሰቡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ብዙዎቹም የአፍሪካ ስሞች ነበሩ። ከዚያ ለንደን ሄደው የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎችን ተማሩ፤ የሰበሰቡትን ከነሱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ሥራቸውን በ1949 አሳተሙት። ከዚያ በኋላ ጉላ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው ብሎ መከራከር ቀረ።

ተርነር ከቀረጹት አንዱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጆርጂያ ዳርቻ ሃሪስ ኔክ በሚባል ቦታ አሚሊያ ዶውሊ የምትባል ሴት በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዘፈን ዘፈነችላቸው። ትርጉሙን እሷ አታውቀውም። ከእናቷ የወረሰችው ነው። በኋላ ሲጣራ የሜንዴ ቋንቋ ሆኖ ተገኘ፤ ሴራሊዮን ውስጥ የሚነገር ነው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ቅጂውን ይዘው ሴራሊዮን ሄዱ። አንዲት የገጠር ሴት ሰምታ አብራ ዘፈነችው። ከአያቷ የተማረችው የቀብር ሥርዓት ዘፈን ነበር። በ1997 የአሚሊያ ልጅ ከጆርጂያ ተነስታ ወደዚያች መንደር ሄደች። ቃል ባሕር ተሻግሮ በሕይወት አይቆይም የሚለኝ ሰው ካለ የምነግረው ይህን ነው።

ጉላዎቹ ቃሉን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። ከባርነት በኋላ ደቡቡ ውስጥ ሥራ ማለት ጥጥ፣ የእንጨት መሰንጠቂያና ተርፐንታይን ነበር። ተርፐንታይን ከጥድ ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ቀለምና የመርከብ መድፈኛ ይሠራበታል። የፍሎሪዳና የጆርጂያ ጫካዎች በነዚህ ካምፖች ተሞልተው ነበር። ሠራተኛው ጥቁር ነው። ዛፉን እየፋቀ ሙጫውን ያጠራቅማል። የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በእውነተኛ ገንዘብ ሳይሆን የኩባንያው ሱቅ ብቻ በሚቀበለው ወረቀት ነው። ዕዳ ይኖርበታል፤ ዕዳውን ሳይጨርስ ጥሎ ከሄደ ያሳስሩታል። ከተማ ገብቶ ነጮች የሚዝናኑበት ቤት ልቀመጥ ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም።

እዚያ ካምፕ ዳር አንድ የሳንቃ ቤት አለ። ቅዳሜ ማታ መብራቱ ይበራል። የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣል። በድብቅ የወጣ አረቄ አለ። አንድ ፒያኖ ወይም አንድ ጊታር አለ። ይኼ ነው ጁክ።

ዞራ ኒል ኸርስተን ፍሎሪዳ ውስጥ ኢተንቪል በሚባል የጥቁሮች ከተማ ያደጉ ጸሐፊ ናቸው። በእንጨት መሰንጠቂያ ካምፖች ውስጥ ገብተው ተረትና ዘፈን ሰብስበዋል። በ1934 ባሳተሙት ድርሰት ጁክን በስሙ ጠርተው፣ ጥቁር ሠራተኞች የሚጨፍሩበት፣ የሚጠጡበትና የሚቆምሩበት ቤት ነው ብለው ጻፉ። ቀጥለው ያሉት ነው የሚገርመው። በሙዚቃ በኩል ከታየ አሜሪካ ውስጥ ከጁክ የሚበልጥ ቦታ የለም አሉ። ብሉዝ የተሠራው እዚያ ነው፤ ከብሉዝም ጃዝ ወጣ አሉ። ይህን የጻፉት ጨዋ የሚባለው ሰው ሁሉ፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ጁክ በሚለው ቃል በሚያፍርበት ዘመን ነው። ትክክል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዓለም የሰማው ሙዚቃ አብዛኛው ሥሩ እነዚያ የሳንቃ ቤቶች ውስጥ ነው።

ወደነዚህ ቤቶች ነው ሳጥኑ የገባው። ሙዚቀኛ በየሳምንቱ ላይመጣ ይችላል። ሳጥኑ ግን ቆሞ ይጠብቃል። በአንዳንድ ቦታ ደቡቦቹ "ፒኮሎ" እያሉም ይጠሩት ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ የደቡብ ነጭ ወጣቶች፣ በተለይ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ቃሉን ወሰዱት። በመኪና ከአንዱ መጨፈሪያ ወደ ሌላው መዞርን "ጁኪንግ" አሉት። እነሱ የሚገቡት ነጮች የሚገቡበት ቤት ነው። ጥቁሮቹ በር ላይ ይመለሳሉ፤ ቃላቸው ግን ገባ። በ1930ዎቹ መጨረሻ "ጁክ ቦክስ" የሚለው ጥምር ጋዜጣና መጽሔት ላይ ወጣ። በ1939 ታይም መጽሔት በአሜሪካ ውስጥ 300,000 ጁክቦክስ እንዳለ ሲጽፍ በዚሁ ስም ነው የጠራቸው።

አምራቾቹ ደስ አላላቸውም። ልፋታቸው በሙሉ ሳጥኑን ለቤተሰብ የሚመች፣ ካፌና አይስክሬም ቤት የሚገባ ዕቃ ማስመሰል ነበር። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ፣ የሚቀያየር መብራት፣ አረፋ የሚፈላበት ቱቦ የጨመሩበት ለዚህ ነው። በ1946 የወጣው ዉርሊትዘር 1015 የዚህ ሁሉ ጫፍ ነው፤ ፖል ፉለር ነድፎት ከ56,000 በላይ ተሸጠ። ያ ሁሉ ውበት ተሠርቶ ስሙ የሴተኛ አዳሪ ቤት ሲሆንባቸው አስቡት። ማስታወቂያቸው ላይ "ፎኖግራፍ" ማለታቸውን ቀጠሉ። ሕዝቡ ግን አልሰማቸውም። የሙዚቃ ንግዱ ዋና ጋዜጣ ቢልቦርድ በ1944 ሰንጠረዥ ሲያወጣ "በጁክ ቦክስ በብዛት የተጫወቱ" ብሎ ጻፈ። ነጋዴው ራሱ ቃሉን ከተጠቀመበት ነገሩ አለቀ።

ሰንጠረዡ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል። ብዙዎቹ አሮጌ ሳጥኖች ውስጥ እያንዳንዱ ሸክላ ስንት ጊዜ እንደተነሳ የሚያሳይ መቁጠሪያ አለ። ሠራተኛው ገንዘብ ሊሰበስብ ሲመጣ መቁጠሪያውን ያያል። ያልተነሳውን ሸክላ አውጥቶ አዲስ ያስገባል፤ በብዛት የተነሳው ስላለቀ በሌላ ቅጂ ይተካዋል። ሬዲዮ ጣቢያ የሚያጫውተውን የሚመርጠው ኃላፊው ነው። እዚህ ግን መራጩ ሳንቲሙን የሚከተው ሰው ነበር። ይህ ለጥቁር ሙዚቀኞች ትልቅ በር ከፈተ። አብዛኛው ሬዲዮ በሩን ሲዘጋባቸው ሳጥኑ አጫወታቸው። ሉዊስ ጆርዳን በ1940ዎቹ "የጁክቦክስ ንጉሥ" የተባለው በዚህ ነው፤ ዘፈኑን ጥቁርም ነጭም ሳንቲም እየከተተ ሰምቶታል።

ከሥራው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የማያውቅ ሰው ስለማያምነኝ። አሮጌ ሳጥን ስከፍት የገንዘብ መያዣው ውስጥ አንዳንዴ በቀይ ቀለም የተቀቡ ኳርተሮች፣ ማለት ባለ 25 ሳንቲሞች፣ አገኛለሁ። ብዙ ጊዜ የጥፍር ቀለም ነው። የቤቱ ባለቤት ወይም አስተናጋጇ ቤቱ ጭር ሲል ሙዚቃ ለማስነሳት የምትከታቸው ናቸው። ሳንቲም ሰብሳቢው ሲመጣ ቀዩን ለይቶ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የቀረውን ይካፈላሉ። ቀይ ኳርተር ባገኘሁ ቁጥር አልሸጠውም፤ ለባለ ማሽኑ መልሼ እሰጣለሁ። ያንን ሳንቲም የቀባች አንዲት አስተናጋጅ ነበረች፤ ሳጥኑ ላይ የቀረላት አሻራ እሱ ነው።

እኛ አገርስ? በሸክላ ዘመን ሳጥኑ አዲስ አበባም ገብቶ ነበር። አጎቴ ወጣትነቱ ፒያሳ ነው ያለፈው። ስሙኒ ከተን ዘፈን እንመርጥ ነበር ይለኛል። እሱም "ጁክ ቦክስ" ነው የሚለው፤ ሌላ ስም አያውቅለትም። ሳጥኖቹ የሚያነሱት በ1949 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን ትንሹን፣ መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለውን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ ነው። የኛም ወርቃማ ዘመን ዘፈኖች የወጡት በዚሁ ዓይነት ሸክላ ነው። አገር ፍቅር ሸክላ የማሳተም መብት በብቸኝነት በያዘበት ጊዜ አምሃ እሸቴ ደፍሮ በ1969 በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። እነዚያ ሸክላዎች ዛሬ ጋራዤ ውስጥ ካለው የ1960ዎቹ ሲበርግ ጋር ልክ ናቸው። ሁለት አሉኝ፤ ይነሳሉ፤ ይዘፍናሉ።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ የሚወጣ ከሌለ ለማን ይዘፈናል? በላዩ ላይ ካሴት ገባ። አጎቴ ሳጥኖቹ የት እንደደረሱ አያውቅም።

ጁክቦክስ የሚባለውን ነገር ሳስብ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። የዉርሊትዘርን፣ የሲበርግን፣ የሮኮላን ስም ሰብሳቢ ሁሉ ያውቀዋል። የፉለርን ንድፍ በመጽሐፍ አሳትመውታል። ስሙን ያወጡት ግን ሙጫ የፋቁ፣ ሩዝ የዘሩ፣ ጥጥ የለቀሙ ሰዎች ናቸው። ሸክላዎቹ ላይ ያለውን ሙዚቃም አብዛኛውን የሠሩት እነሱና ልጆቻቸው ናቸው። ስለዚህ አሁን ማሽን ጠግኜ ሳስረክብ፣ ባለቤቱ ጊዜ ካለው ስለ ጉላና ስለ ተርነር እነግረዋለሁ። ሽማግሌው ደንበኛዬ ሁለተኛ ሲደውሉልኝ ስለ ባምባራው ቃል ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ" አሉኝ።

አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልጠይቅ። አዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ቦታ ጁክቦክስ የቆመበትን ቤት የምታስታውሱ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የነገሯችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የትኛው ቤት ነበር? ስንት ይከተትበት ነበር? ማን ይጠግነው ነበር? የጠጋኞቹን ስም የሚያውቅ ካለ ደግሞ እሱን ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍልኝ።